ጥድ ነው ወይስ ጥድ መሳይ? በወሎ ስለ ጥድ ዘመዶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ችግኝ የሚገዛ፣ ቋሚ የሚያስቆርጥ፣ ወይም እንዲሁ ዛፍ አይቶ የሚከራከር ሰው የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ ጽፌዋለሁ።

የጥድ ቤተሰብ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

በሳይንሱ ኩፕሬሳሴ የሚባለው ቤተሰብ ነው። በዓለም ላይ 130 ገደማ ዝርያዎች አሉት። ወሎ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሐበሻ ጥድ። ጽድ የሚሉትም አሉ፤ ያው ነው። ሌሎቹ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጥድና ቱያ፣ ከውጭ መጥተው የተተከሉ ናቸው።

የቤተሰቡ መለያ ቅጠሉ ነው። ሰፊ ቅጠል የላቸውም። ቅጠላቸው ደቃቅ ሆኖ እንደ ዓሣ ቅርፊት ቀንበጡ ላይ ተደራርቦ ይለጠፋል፤ ወይም አጭር መርፌ ይሆናል። ቀንበጡን ስታዩት ቅጠልና እንጨት የት ላይ እንደሚለያዩ ግራ ከገባችሁ፣ ትክክለኛው ቤተሰብ ጋ ደርሳችኋል ማለት ነው።

የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ በምን ይለያሉ?

በጣም የምጠየቀው ይህ ነው። መልሴም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ፍሬውን እዩ። ቅጠል ያታልላል፣ ቁመት ያታልላል፣ ቀለም ደግሞ እንደ ዝናቡ ነው። ፍሬ ግን አያታልልም።

የሐበሻ ጥድ ፍሬ አተር ቢያህል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ጥሬው አረንጓዴ ነው። ሲበስል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆንና ላዩ ላይ ወይን ፍሬ ላይ እንደምናየው ያለ ነጭ ብናኝ ይለብሳል። በጣት ብታሹት ብናኙ ይለቃል። ፍሬው ለስላሳ ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ይፈርጣል። ውስጡ ከ1 እስከ 4 ዘር ይኖረዋል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን እንጨት ነው። ብይ ያህላል፤ ልጆች ሆነን ብይ ስናጣ የምንጫወተው በእሱ ነበር። ላዩ ከ6 እስከ 8 ጋሻ በሚመስሉ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ጋሻ መሐሉ ላይ ትንሽ ሹል ነገር አለችው። ሲደርቅ ጋሻዎቹ ይላቀቁና ደቃቅ ዘሮች ይረግፋሉ። ባዶው ፍሬ ግን ዛፉ ላይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዛፉ ላይ ቡናማ የተሰነጣጠቀ ብይ ካያችሁ ክርክሩ አብቅቷል፤ የፈረንጅ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጅ ጥድ የሳይንስ ስሙ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ነው፤ የፖርቱጋል ጥድ እንደማለት። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1768 ሲወጣለት ፖርቱጋል ውስጥ ተተክሎ ስለታየ ነው እንጂ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና ጓቲማላ ነው። እኛ ሁሉንም ጥድ እያልን ስንደባልቅ ፈረንጆቹም አገሩን ስተውታል።

ፍሬ ባይኖረውስ?

ያኔ ትንሽ መልፋት አለ። መጀመሪያ የቅርንጫፉን ጫፍ በእጃችሁ ያዙ። የፈረንጅ ጥድ ደቃቅ ቅጠሎች ጫፋቸው ሹል ሆኖ ከቀንበጡ ትንሽ ወጣ ይላል። ከጫፍ ወደ ግንዱ አቅጣጫ ስታሻሹት ይጎረብጣል። የትልቅ የሐበሻ ጥድ ቀንበጥ ቀጠን ያለ ነው፤ ቅጠሉም ወደ ቀንበጡ ተጠግቶ ይለጠፋል። ቀጥሎ ከሥር ያሉትንና ከግንዱ የበቀሉትን አዳዲስ ቀንበጦች እዩ። እዚያ የሚዋጋ መርፌ ካለ የሐበሻ ጥድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አቋማቸውም ይረዳል። የፈረንጅ ጥድ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ቅርጹ ሾጣጣ፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ዝንብል ያለ ነው። ያረጀ የሐበሻ ጥድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ግንዱ ጎድጎድ ያለ፣ አንዳንዴም የተጠማዘዘ፣ አናቱ የተዘረጋና የሳሳ ይሆናል። ቅርፊትን ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ። ሁለቱም ቡናማ ናቸው፤ ሁለቱም ቁልቁል እየተሰነጠቁ እንደ ልጥ ይላጣሉ።

ፓቱላ ጥድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ፓቱላ ፓይን ነው፤ ቤተሰቡ ሌላ ነው። ግርታው የመጣው ፓይን የሚለውን ቃል ብዙ ተርጓሚ ጥድ ስለሚለው ነው። ለመለየት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። የፓቱላ ቅጠል ረጅም መርፌ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ ቦታ ይወጣል፤ እንደ ፀጉር ቁልቁል ይወርዳል። ከጥድ ቤተሰብ እንደዚያ ፀጉሩን የሚለቅ ወሎ ውስጥ አታገኙም።

ዝግባስ?

ዝግባም የጥድ ቤተሰብ አይደለም። ቅጠሉ ጠፍጣፋ፣ ቀጭንና ጫፉ ሹል ነው፤ አንድ አንድ እየሆነ በግልጽ ይታያል። ፍሬው ክብ ሆኖ ውስጡ አንድ ጠንካራ ዘር አለው።

ሰው ሁለቱን አብሮ የሚጠራቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተነሳ ይመስለኛል። ስለ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲነበብ ዝግባና ጥድ እየተከታተሉ ይመጣሉ። እዚያ ዝግባ የተባለው የሊባኖሱ ዛፍ ነው። እኛ ዝግባ ከምንለው ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም።

ለገና የምንቆርጠው ሸውሸዌ ከጥድ ይመደባል?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሸውሸዌ ከሩቅ ሲያዩት ጥድ ነው። ፍሬውም ትንሽ የጥድ ፍሬ መስሎ ጉድ ይሠራል። ነገር ግን የሚያብብ ዛፍ ነው፤ ከጥድ ይልቅ ለዋርካ ይቀርባል ብል አታምኑኝም፤ እውነት ግን ነው። ዘመዶቹ ከአውስትራሊያና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ናቸው። ስሙን ያወጣለት ነፋስ ሲመታው የሚያሰማው ድምፅ ነው።

አንዷን መርፌ ውሰዱና በሁለት እጅ ጫፍና ጫፏን ይዛችሁ ሳቡ። ከመገጣጠሚያዋ ላይ ትፍ ብላ ትለቃለች። ደግማችሁ ስትስቡ ከሌላ መገጣጠሚያ ላይ ትለቃለች። መገጣጠሚያው ላይ አተኩራችሁ ካያችሁ በዙሪያው ጥርስ የሚመስሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ። እነዚያ ጥርሶች ናቸው እውነተኛ ቅጠሎቹ። መርፌ የመሰለን ቀንበጥ ነው። ጥድ እንዲህ አይፈታታም።

ጦሳ ተራራ ላይና ከዚያም በላይ ደጋ ላይ የሚታየው ቁጥቋጦ የጥድ ልጅ ነው?

ደቃቅ ቅጠል ያለው፣ ሲደርቅ እንደ ጉድ የሚነድ ከሆነ አስታ ሳይሆን አይቀርም። አስታም ከጥድ ጋር አይዛመድም። በአበባው ወቅት ብታዩት ጥርጣሬ አይኖራችሁም። ደቃቅ ነጭ ደወል የመሰሉ አበቦች ይሞሉታል። ጥድ አበባ የለውም። ያላበበ ከሆነ ቀንበጡን ጨምቃችሁ አሽትቱ። ጥድ የሙጫ ሽታ አለው፤ አስታ የለውም።

ግቢ ውስጥ አጥር የሚሆነው፣ ቅጠሉ ተጨፍልቆ የተተኮሰ የሚመስለው ምንድነው?

ቱያ ነው። ይህ የቤተሰቡ ትክክለኛ አባል ነው። አገሩ ቻይና ነው። ቅርንጫፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጠፍጣፋ ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በሁለቱም ገጽ አረንጓዴያቸው አንድ ነው። ፍሬው ጥሬ ሳለ ሰማያዊ የተነፋበት ይመስላል፤ ላዩ ላይ ወደ ውጭ የተቆለመሙ ቀንዶች አሉት። አንዴ ያያችሁትን ቀንዳም ፍሬ አትረሱትም። ችግኝ ሻጮች ዝም ብለው ጥድ ይሉታል። አይዋሹም፤ ግን የሐበሻ ጥድ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ይህን ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጥቁር አረንጓዴ ዛፍስ?

የሜዲትራንያን ጥድ ነው፤ ኩፕሬሰስ ሴምፐርቪረንስ ይሉታል። ለፈረንጅ ጥድ የቅርብ ዘመዱ ነው። ፍሬው ግን ከእሱ ተለቅ ይላል፤ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጋሻዎቹም 10 እና ከዚያ በላይ ናቸው። ቅጠሉን ስትደባብሱት ጫፉ ደነዝ ስለሆነ አይጎረብጥም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሁሉም ጧፍ አይመስልም። ተመሳሳዩ ዝርያ ቅርንጫፉን ዘርግቶ የሚያድግ ዓይነትም አለው።

ሠላሳ ዓመት የሆነው የሐበሻ ጥድ አለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አፍርቶ አያውቅም። ምን ነካው?

አብሽሩ፣ ምንም አልነካውም። ወንድ ነው።

የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቱ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ነው። ወንዱ የሚያወጣው በቀንበጡ ጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያካክሉ ቢጫ ነገሮችን ነው። በወቅቱ ቅርንጫፉን ብትነቀንቁት ቢጫ ዱቄት ይቦናል፤ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ሥር ሆኖ ባይሞክረው ይሻላል። ሴቷ ናት ሰማያዊውን ፍሬ የምትሸከመው። የፈረንጅ ጥድ፣ ቱያና ሌሎቹ ግን ወንድና ሴቱን በአንድ ዛፍ ላይ ይዘዋል። ስለዚህ ዙሪያውን ብዙ ያረጁ ጥዶች ኖረው ግማሾቹ ሁሌም ባዶ ከሆኑ፣ ይኸው ራሱ የሐበሻ ጥድ ለመሆናቸው ምልክት ነው። ዘር የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ አንዲት ሴት ዛፍ ብቻ አትያዙ። ከብዙ ዛፍ ቀላቅሉ።

አንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጠል አየሁ። ተዳቅሎ ነው?

አልተዳቀለም። የሐበሻ ጥድ ልጅነቱ ሌላ፣ ጉልምስናው ሌላ ነው። ልጅ ሳለ ቅጠሉ የሚዋጋ አጭር መርፌ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ በቀንበጡ ዙሪያ ይቆማል። ሲያድግ ወደ ተለጠፈው ድርብርብ ቅጠል ይለወጣል። መሐል ላይ ያለ ዛፍ ሁለቱንም ይዞ ይታያል፤ ከሥር መርፌ፣ ከላይ የተለጠፈ። አንድ አባት ሁለት ዛፍ ተጣብቀው የበቀሉ መስሏቸው አንዱን ቅርንጫፍ እንደ አረም ቆርጠው ሲጥሉ ደርሼ ነበር። "አባቴ፣ የአንድ እናት ልጅ ነው" ስላቸው ሳቁና "እንግዲያው ወንድሙን ነው የገደልኩበት" አሉኝ።

ችግኝ ጣቢያ ላይ እንዴት ልለይ? ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

ልክ ናችሁ፤ ከባዱ ነገር ይህ ነው። ገና ከመሬት ሲወጡ ሁሉም መርፌ ቅጠል ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። የፈረንጅ ጥድ ችግኝ ቶሎ ይረዝማል፤ ቶሎም መርፌውን ትቶ ድርብርቡን ቅጠል ያወጣል፤ ሲነኩትም ለስላሳ ነው። የሐበሻው ዝግ ብሎ ያድጋል። መርፌውን ለዓመታት ይዞ ይቆያል፤ መዳፍን ይወጋል። ስለዚህ እኩል ዕድሜ ካላቸው መደቦች መሐል አጭሩና ተዋጊው የእናንተ ነው።

እኔ ከዚህም በላይ የማምነው ሌላ ነገር አለ፤ ዘሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ። የሐበሻ ጥድ ዘር ከለስላሳ ፍሬ ውስጥ ታጥቦ ታሽቶ የሚወጣ ነው። አብቃዩ "ፍሬውን ፀሐይ ላይ አድርቄ ሲከፈት ዘሩ ረገፈልኝ" ካላችሁ የፈረንጅ ጥድ ነው የሸጠላችሁ።

ከተቆረጠ በኋላ እንጨቱን አይቶ መለየት ይቻላል?

ይቻላል። እኔ የተማርኩት ግን በገንዘቤ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ለአጥር "የሐበሻ ጥድ ነው፣ ምስጥ አይነካውም" ተብዬ ቋሚ ገዛሁ። ቅርፊቱ ቡናማ፣ ሽታውም ደህና ነበር። ሦስተኛው ክረምት ሲያልፍ አንዱን ቋሚ ገፋ ባደርገው ከመሬት ጋር የተያያዘው በኩል እንደ ኬክ ተፈርፍሮ ወደቀ። የቀሩትም ተከታተሉ። ሻጩ የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም።

ያኔ ማየት የነበረብኝ የተቆረጠውን ገጽ ነው። የሐበሻ ጥድ ልቡ ቀይ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። ዙሪያው ያለው ነጭ ክፍል ከልቡ ጋር በግልጽ ይለያል። ሲላግ የሚሸተው ሽታ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ዛፉ በሌላ አገር ለእርሳስ መሥሪያ ሲውል ኖሯል። የፈረንጅ ጥድ ልብ ፈዘዝ ያለ፣ ቢጫ ወይም ሐመር ቡናማ ነው፤ ከዙሪያው ብዙም አይለይም። ለጣውላና ለቤት ውስጥ ሥራ ግሩም እንጨት ነው። መሬት ውስጥ ግን አይቀበርም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ምስጥ የማይደፍረው የሐበሻ ጥድን ልብ ነው እንጂ ነጩን ክፍል አይደለም። ቀጭን ወጣት ጥድ አብዛኛው ነጭ ስለሆነ ስሙ እውነተኛ ቢሆንም ቶሎ ይበላል። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ከየት እንደተቆረጠ ጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ስማቸውን ከጠራቸው አራት ዛፎች አንዱ ጥድ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ዋንዛ ናቸው። አሁን ያለውን ደንብ የወረዳችሁ ግብርና ይነግራችኋል።

የጥድ ፍሬ ይበላል?

ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩንም እነሱ ናቸው የሚያዳርሱት። ለሰው ግን ምግብ አይደለም። ጂን የሚባለው መጠጥ በጥድ ፍሬ ይሠራል ሲባል የሰሙ ይሞክሩታል። ያ ሌላ ዝርያ ነው፤ የአውሮፓ ቁጥቋጦ። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት የጥድ ፍሬ ወይም ዘይቱን ባትቀምስ ይመረጣል።

የፈረንጅ ጥዴ እየቀላ ነው። የሐበሻ ስላልሆነ ነው?

በከፊል አዎ። መጀመሪያ ግን የቀላው የት ላይ እንደሆነ እዩ። ከግንዱ አጠገብ ብርሃን የማያገኘው ቅጠል ብቻ ከሆነ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሁሉም ጥድ የውስጡን ያራግፋል። ቅርንጫፍ በሙሉ ከሆነ ግን ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ሊሆን ይችላል። የጥድ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ታይቶ ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ ተሠራጨ፤ ኢትዮጵያም ገብቷል። ከሁሉም በላይ የሚያጠቃው የፈረንጅ ጥድን ነው፤ የሐበሻውም ጨርሶ አያመልጥም።

ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ ቀጫጭኑን እንጨት እዩ። ቡናማና ግራጫ ደቃቅ ነፍሳት ተሰልፈው ተጣብቀው ታገኛላችሁ። የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ በላዩም ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ይኖራል። ጉንዳን ሲመላለስም ይታያል። አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ከሆነ ቆርጣችሁ አቃጥሉ። ዛፉን በሙሉ ከወረረው ከመርጨታችሁ በፊት ባለሙያ ይየው።

ትልልቆቹን በዓይኔ ለማየት የት ልሂድ?

ቅርባችሁ ኮምቦልቻ ከሆነ የጎፍ ደን። የጎፍን የምወደው ለትምህርት ስለሚመች ነው። የተፈጥሮው ጥድ ከወይራ ጋር አለ፤ የተተከለው የፈረንጅ ጥድም እዚያው አለ። ጠዋት ወጥታችሁ ከሁለቱም ሥር ፍሬ ለቅማችሁ መዳፋችሁ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ይህ ጽሑፍ አያስፈልጋችሁም። ወሎ ላይ በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ሲለብስ ከባሕር ዛፍ ጋር የፈረንጅ ጥድም ተተክሏል። በረድፍ የቆመ እኩያ ዛፍ ካያችሁ ሰው የተከለው ነው።

ያረጀ የሐበሻ ጥድ የሚገኘው ግን ሰው በሚያከብረው ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የቆየ መስጊድ ዙሪያ፣ የመቃብር ቦታ። ላሊበላ የሄደ ሰው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይዝለቅ። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው፤ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። ደጁ ላይ ያለው ደን ደግሞ የጥድ ነው። እግር የጠናበት ቦረና ሳይንት፣ ደንቆሮ ደን ይሂድ፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከጥድ ወደ አስታ ሲቀየር ያያል።

በዓለም ረጅሙ ዛፍ የጥድ ዘመድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው፣ ወደ 116 ሜትር የሚረዝመው ሬድዉድ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ድሮ እሱና ጥቂት ዘመዶቹ ሌላ ቤተሰብ ተብለው ይቆጠሩ ነበር። በኋላ የዘር ጥናቱ ሲጠራ አንድ ላይ ተጠቃለሉ። የእኛው ጥድ 40 ሜትር ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ አይቼም ካልለየሁስ?

ስልክ ላይ ፎቶ ስትልኩልኝ ሙሉ ዛፉን ከሩቅ አንስታችሁ አትላኩ። ከዚያ ማንም አይለይም። የምፈልገው አራት ነገር ነው፦ ጣት የሚያህል ቀንበጥ በቅርበት፣ ፍሬ ካለው ፍሬው ከሳንቲም አጠገብ፣ ከሥር ያለው ቅርንጫፍ፣ ግንዱ። ፍሬ ዛፉ ላይ ከጠፋ መሬት ላይ ፈልጉ። እዚያም ከሌለ ጎረቤት ዛፍ ሥር ፈልጉ፤ ግን ያመጣችሁት ከጎረቤት እንደሆነ ንገሩኝ። ባለፈው አንዱ ሳይነግረኝ ቀርቶ ወንዱን ጥድ ሴት ብዬለት ነበር።